ቀይ ለመሆን የተጠጣ ውሃ

እህቴ በቱል ጎህ ሲቀድ ጋኑ አጠገብ ቆማ ውሃ ስትጠጣ ደረስኩባት። አንድ ጣሳ ጠጣች። ጣሳውን መልሳ ነከረችና ደገመች። ሌላ ቀድታ ስትጠጣ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ልጆቼ፣ ይህ ለሌላ ሰው ነገሬም አይባልም። እዚህ ፖርት ሱዳን፣ ሙቀቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ተማክሮ ሰውን በሚቀቅልበት ወር፣ ጋን አግኝቶ የማይጠጣ ማን አለ? የበቱል ኩላሊቶች ግን መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል። የጠጣችው ውሃ መውጫ የለውም፤ የእጥበቱ ማሽን እስኪያወጣላት ድረስ መጀመሪያ እግሯ ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባዋ ላይ ይተኛል። ሐኪሙ ለቀኑ የፈቀደላትን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ውሃ እንደ መድኃኒት ከፋፍላ ነበር የምታዳርሰው። ጥማቱ ሲበረታባት እርጥብ ጨርቅ ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች እንጂ ወደ ጋኑ ዞር ብላ አታይም ነበር።

«በቱል፣ ረሳሽው እንዴ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ምኑን እረሳለሁ» አለች አፏን እስከ እግሯ በሚወርደው ቶቧ ጫፍ እየጠረገች። «ዛሬ ቀይ መሆን አለብኝ።»

ቀይ መሆን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጦርነቱ ከካርቱም ሰውን ነቅሎ ወደኛ ሲያመጣው በሽተኛውም አብሮ መጣ፤ ማሽኑ ግን አልመጣም። የሆስፒታላችን የእጥበት ክፍል ያሉት ማሽኖች ስድስት ናቸው፣ እነሱም ደህና ቀን ከሆነ። ድሮ ሁሉም የታወቀ ቀኑ ነበረው፤ ሰው ሲበዛ ቀኑም ተራውም ጠፋ። ድምፁ ጎላ ያለው ይገባል፣ ነርስ የሚያውቀው ይገባል፣ ትንፋሽ አጥሮት መጮህ ያቃተው በሩ ላይ ይቀራል። በዚህ መሐል ነው የበቱል አንድ ልጅ ሙንተሲር በሆስፒታሉ የተጠራው። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበር። ቤቱ ተቃጥሎበት መጥቶ እኛ በረንዳ ላይ በገመድ አልጋ ይተኛል። የተማረው ደግሞ ይኸንኑ ነው፣ ሰልፍን። መጀመሪያ የነገረኝ ቀን ስቄበት ነበር። ሰልፍም ይማሩታል እንዴ፣ እኛ ሳንማር የተካንንበትን! እሱ ግን ሰዓቱን ይዞ ከዚያ በር ሥር ሲቀመጥ ሰነበተና ሦስት ካርድ አወጣ። ትንፋሹ የተቆረጠ ወይም ልቡ የተዛባ ሰው ቀይ ይሰጠውና ሁሉን አልፎ ይገባል። ያበጠው ቢጫ ይሰጠውና ከቀዩ ቀጥሎ ይገባል። በእግሩ የሚቆም አረንጓዴ ነው፣ የተረፈውን ይጠብቃል። ለሁሉም በሳምንት ሁለት ቀኑ ተመለሰለት፤ በየማለዳው በሩ ላይ ያለችው ነርስ መርምራ ካርድ ታድላለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሻይ ትሪው ላይ አስረዳኝ። ብርጭቆዎቹን ማሽን አደረጋቸው፣ የስኳሩን አንኳር ሰው። ስድስት ማሽንና ሦስት ዓይነት በሽተኛ ሲደባለቅ እውነተኛው ሒሳብ እንደ ባሕር አሸዋ ነው አለኝ፣ ሰው አይጨርሰውም። ስለዚህ ስድስቱን ማሽን እንደ አንድ ፈጣን ማሽን ቆጠራቸው። ቀዮቹን ለብቻ አሰበ፣ ቀጥሎ ቀዮቹንና ቢጫዎቹን አንድ ላይ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ጠቅልሎ አሰበ። ከአንዱ አንዱን እየቀነሰ የየቀለሙን መጠበቂያ አወጣ። «ግምት ነው አጎቴ፣ ግን ደህና ግምት ነው» አለ። ቀይ ከነጭርሱ አይጠብቅም ማለት ይቻላል፣ ቢጫ እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ይጠብቃል፣ አረንጓዴም ቢሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባል። እኔ ዕድሜዬን ወደብ ላይ ክሬን ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና የኛንም ነገርኩት። የቁም በግ የሚጭን መርከብ ከሁሉ በፊት ዳር ይይዛል፣ በጉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሞታላ። ሲሚንቶ የጫነው ግን ውጭ ባሕሩ ላይ መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃል፤ ሲሚንቶ ምን ይሆናል? ሙንተሲር ጉልበቱን መታ። «በቃ፣ ይኸው ነው! አንተ በክሬን፣ እኔ በእርሳስ» ብሎ ሳቀ። በቱል ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር። «አረንጓዴው ሳይገባ የመሸበት ቀንስ?» አለችው። ለሚቀጥለው ቀኑ ይቆያላ እማ፣ አላት። ትሪውን ይዛ ወጣች።

እውነት ለመናገር ሠርቶም ነበር። በሩ ላይ ሰው መሞቱ ቆመ፣ ነርሶቹ መረቁት፣ እኛም ገበያ ስንወጣ አንገታችንን ቀና አደረግን። በቱል ጠንካራ ስለሆነች ሁልጊዜ አረንጓዴ ነበረች። ከዚያ ሌላ ከተማ ወደቀ፣ ሌላ ሰው መጣ፤ አረንጓዴዎቹ እየመሸባቸው መመለስ ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት በሁለቱም ቀኗ ሳትታጠብ ተመለሰች። ልጇ ማታ ሲገባ «ታጠብሽ እማ?» ይላታል፣ እሷ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ይህ ሐሰት አይደለም፣ መልስም አይደለም። እኔንም በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። አንድ ቃል ብትነግረው ለነርሷ ይነግርላት ነበር፤ ያኔ ያ በር የዱሮው በር ይሆናል፣ ሥርዓቱን ያፈረሰችው ደግሞ የሠራው ሰው እናት ትባላለች። እሱም እግሯን አላየም። ቶብ የለበሰች እናትን እግር ማን ዝቅ ብሎ ያያል? አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን፣ አንድ ሳህን ፉል ከበን፣ ስለ ውሃ ዋጋና ስለ መብራት መጥፋት እያወራን፣ ያቺን አንድ ነገር ሦስታችንም እንዞራት ነበር።

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ፤ ታጁ በባጃጁ መጥቶ ጡሩንባውን ሲነፋ በቱል ጣሳውን ክዳኑ ላይ ደፍታ ወጣች። ታጁ የሠፈራችን ልጅ ነው፣ ሁለት ልጆች ያሉት ጎልማሳ። እሱም እንደሷ ታጣቢ ነው። በማይታጠብበት ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ በሚታጠብበት ቀን እኛን ጭኖ ይሄዳል። የነዳጁ ዋጋ ሰማይ በወጣበት ዘመን አንድ ቀን አስከፍሎን አያውቅም። ያን ቀንም ገንዘቡን ስዘረጋለት እጄን መለሰና «ሐጅ፣ ብቀበልዎት ሚስቴ የተፈታች ትሁን» ብሎ ማለ። ይህ የአገራችን ወንድ መሐላ ነው። ለአንድ ሳህን ምሳ፣ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ በትዳሩ ይምላል፤ የማለበት ሰው ደግሞ እምቢ ቢል የሰው ቤት አፈረሰ ማለት ነው። በቱል ከኋላ ሆና «ምስኪን ኢዕቲማድ፣ በቀን ስንቴ ትፈታለች?» አለችው። «አንዴም አልተፈታችም ሐጃ፣ ሰው ሁሉ እሺ ይለኛል» አለና ሳቀ። መንገድ ላይ ወደ መስታወቱ አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዛሬ ምን ወሰዱ አላት። ውሃ አለችው፣ ሳታፍር። እሱ ውሃ እንደማይስማማው ነገራት፤ ሲጋደም ያፍነዋል። ቴምር ይሻለዋል፣ ማታ አንድ እፍኝ ይበላል፣ ኩላሊት የማያወጣለት የቴምሩ ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ልቡ እንደ ከበሮ ትመታለች፣ ነርሷ የልብ መመርመሪያ ሽቦዋን ደረቱ ላይ ስታደርግ ፊቷ ይለወጣል፣ ቀይ ትሰጠዋለች። ይህን ሲናገር ጥሩ የዓሣ ገበያ እንደሚጠቁም ሰው ነበር። እኔ ከእህቴ ጎን ተቀምጬ የባጃጁን የላስቲክ አበባ እያየሁ ሄድኩ።

የእጥበቱ ክፍል መጠበቂያ ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ሰው ጭንቅላቱን እያስደገፈ ያጠቆረው። አንድ ማራገቢያ ይንቋቋል፣ ንፋሱ የሚደርሰው በሩ አጠገብ ላለው ብቻ ነው። ማሽኖቹ ከመስታወት ወዲያ ናቸው። ሲስተር ኢኽላስ የበቱልን ደረት አዳመጠች፣ ቁርጭምጭሚቷን ተጫነች፣ ቢጫ ሰጠቻት። በቱል ተቀመጠች። ውሃው ሥራውን እስኪሠራ የሷ ሥራ መቀመጥ ነበር። ረፋዱ ላይ ትከሻዋ በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፣ ስትናገር ቃሉን መሐል ላይ ትቆርጣለች። እንደገና ወደ ነርሷ ሄደች፣ ነርሷም ካርዱን ለወጠችላት። እህቴ ቀዩን ይዛ ስትዞር ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነው፣ አላህ ይቅር ይበላትና ደስታ ነበር። ግን የት ትቀመጥ? የቀዮቹ አግዳሚ ሞልቷል። የቢጫዎቹ ላይ ጥቂት ሰው አለ፣ አረንጓዴው አግዳሚ ላይ የሰው ጫማና የምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ሁሉም ቀይ ነው።

ታጁ ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀላት። «ልጅዎ ሦስት ቀለም ሰጠን ሐጃ፣ እኛ አንዱን ወደድነው» አላት። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆኖ አለቀ። አንዱ በፈሲኽ ነው የመጣሁት ይላል፣ ያን ጨው የሰከረ ዓሣ፤ ሌላዋ በሐብሐብ ነው ትላለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ምንም አልጠጣሁም፣ ምንም አልበላሁም፣ የእውነት ነው የታመምኩት ብሎ ማለ፤ ማንም አላመነውም።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሙንተሲር መጣ። በየጊዜው እየመጣ ሥራውን የሚያይበት ቀኑ ነበር፤ እኛ ግን አናውቅም ነበር። ሲገባ እሱ እኛን አላየንም። ከነርሷ ጋር ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት። ቀዩ እጅግ በዛ ይላል፣ የጦርነቱ ድካም ነው፣ ሰው ታሞ ታሞ ነው የሚደርሰው፤ ከቀዩ በላይ አራተኛ ቀለም ማውጣት ሳይኖርብን አይቀርም። ሲስተር ኢኽላስ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ዞር ሲል እናቱን ቀዩ አግዳሚ ላይ አያት።

መጥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። የቶቧን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጣቱን ሲያነሣ የሰረጎደው ቦታ አልተመለሰም። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጎህ» አለች በቱል።

«ምን ነካሽ?»

«ውሃ ነው፣ ልጄ። ንጹሕ... የከፈልንበት ውሃ።»

ቀና ብሎ አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አየ። ዓይኑ የደረሰበት ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው እንኳ ሳይቀር፣ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ ከንፈሩ ነጣ። ወደ ነርሷ ሄዶ «እያወቅሽ ነው?» አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። እሷም ሳትቆጣ፣ የደረት ማዳመጫዋን ከአንገቷ እያወረደች፣ «አውቃለሁ ኡስታዝ» አለችው። «ታሞ የመጣው ውሃና ጠጥቶ የመጣው ውሃ በጆሮዬ አንድ ዓይነት ነው የሚንቦጫቦጨው። የቱን ልመልስ?»

አንድ ማሽን ተለቀቀ። ተራው የታጁ ነበር፣ ከሁላቸው ቀድሞ ቀይ የወሰደው እሱ ነው። ተነሣ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ከዚያ በቱልን ዞር ብሎ አያት። እህቴ በዚያን ሰዓት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እሱ ግን ደህና ይመስላል። ቴምር እግርን አያሳብጥም፣ ትንፋሽን አያሳጥርም፤ ከውጭ ሲታይ እንኳን ቀይ አረንጓዴም አይመስልም ነበር።

«ሐጃ፣ ይግቡ» አለ።

በቱል በእጇ እምቢ አለች። 

«ካልገቡ ኢዕቲማድ የተፈታች ትሁን» አለ ታጁ።

ሙንተሲር አፉን ከፈተ። ካርዱን ያወጣው እሱ ነው፤ ተራው የታጁ ነው ማለት ነበረበት። እናቱን አየና ዘጋው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ፣ መሐላ ነው ሐጃ፣ የሰው ትዳር አያፍርሱ ይሏታል። ሰው በእንዲህ ያለ መሐላ ላይ አይከራከርም፤ እናቶቻችንም አልተከራከሩም። በብብቷ ይዤ አስገባኋት። መስታወቱ ሲዘጋ ታጁ ተመልሶ ሲቀመጥ አየሁት፣ የጨዋ ሥራ ሠርቶ እንደተቀመጠ ሰው እግሩን ዘርግቶ።

ወጥቼ ከታጁና ከሙንተሲር ጎን ተቀመጥኩ። ታጁ ሙንተሲርን በክርኑ ነካ አደረገውና «በሒሳብህ ስንት ይቀረኛል ኡስታዝ?» አለው። ብዙ አይቆይም አለ ሙንተሲር። «በግምት?» «በግምት።» ታጁ ፈገግ ብሎ ጭንቅላቱን ሰው ሁሉ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጁ ከጭኑ ላይ ወርዶ ተንጠለጠለ። ሙቀት ነው፣ ማለዳ የተነሣ ሰው ነው፣ እንቅልፍ ወሰደው አልኩ። ማራገቢያው ይንቋቋል። ሙንተሲር ጉልበቱ ላይ በጣቱ የሆነ ነገር ይጽፋል ያጠፋል። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ጥሪ ተሰማ። ሌላ ማሽን ተለቀቀና ሲስተር ኢኽላስ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ታጅ አድ-ዲን» ብላ ጠራች። ደግማ ጠራች። አግዳሚው ላይ ያሉት፣ ተነሣ እንጂ፣ ተራህን ልትሰጠው ነው እንዴ ደግሞ፣ እያሉ ይቀልዱበታል። ሙንተሲር ትከሻውን ነካው። ከዚያ ነርሷ ስትሮጥ፣ መሬት ላይ ሲያጋድሙት፣ ደረቱን ስትጫን፣ ሐኪሙ ሲመጣ፣ ሁሉም ሆነ፤ ቴምሩ ያቆማት ልብ ግን አልተመለሰችም።

ኢዕቲማድ ምሳ ይዛ መጣች። ሁልጊዜ ከእጥበት ሲወጣ እንዲበላ በዚያ ሰዓት ታመጣለች። የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አገኘችንና ሳህኑን በጨርቅ እንደጠቀለለች ቆማ «ገባ?» አለችኝ። ልጆቼ፣ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። የማስታውሰው ግን አንዱ ሽማግሌ ሊያጽናናት ብሎ፣ ያ የእውነት ታምሜ ነው ያለው፣ መሐላውን የነገራት ነው። ባልሽ ለሐጃ በትዳሩ ምሎ ተራውን ሰጠ፣ ሐጃም ገባች፣ መሐላው አልፈረሰም አላት። እሷም እንደገባት ራሷን ነቀነቀች። አልተፈታችም። ባል የላትም እንጂ አልተፈታችም።

በቱል ከመስታወቱ ወዲያ ተጋድማ ሁሉን አይታለች። ደሟ በቱቦው እየወጣ እየገባ፣ መነሣት አይቻላት፣ መጮህ አይቻላት። ስትወጣ ትንፋሿ ተመልሶ፣ እግሯ ቀጥኖ፣ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ባጃጁ ከግቢው ውጭ፣ ጠዋት ያቆመበት ቦታ ላይ፣ ከነላስቲክ አበባው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሦስታችንም ዞር ብለን አለፍነው። ሌላ ባጃጅ ያዝን፤ ነጂው የጠየቀንን ያህል ከፈልነው።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። ከታጁ ቤት በኩል የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። በቱል ልሂድ አለች፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ በምን ፊቴ ብላ ተመለሰችና አልጋዋ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ፉል ቀረበ፣ ማንም አልነካውም። ሙንተሲር መሬት ላይ ተቀምጦ የሻይ ትሪውን ያያል፣ ብርጭቆዎቹ እንደተደፉ ናቸው።

«አጎቴ» አለኝ። «ሲሚንቶው በግ ሆነ።»

  ሲሚንቶ ቢጠብቅ ሲሚንቶ ነው። የሰው ነገር ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቅድሚያ የሚያገኘው በግ ከሆነ ብቻ መሆኑን ካወቀ ቆሞ አይጠብቅም። ይህን እሱም አውቆታል፣ ከእኔ መስማት አያስፈልገውም።

ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ነገ ሄጄ ካርዶቹን በሙሉ ብሰበስባቸውስ አለ።

«ያኔ የሚጮኸው ይገባል» አለች በቱል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔ ድምፅ የለኝም።»

 እኔ ማሽኖቹን አሰብኳቸው። ቀለሙን ቢለዋውጡት፣ ሰልፉን ቢያዞሩት፣ ስድስት ናቸው። የበቱል ቀን ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት በእግሯ ቆማ ትሄዳለች፣ ደህና ናት ተብላ አረንጓዴ ይሰጣታል።

መንገዱ ላይ የውሃ ሻጩ አህያ ቃጭል ተሰማ። ብዙ ጊዜ ውሃ የምገዛው እኔ ነኝ። ልነሣ ስል ሙንተሲር ቀደመኝ። ሁለቱን ጄሪካን ይዞ ወጣ፣ ሳይከራከር ከፈለ፣ እየተንገዳገደ አስገባ። ጋኑን ከፍቶ አንዱን ጨመረ፣ ሁለተኛውን ጨመረ፣ ውሃው አፉ ድረስ መጥቶ ጥቂት በጎኑ እስኪወርድ። በቱል ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች፤ እሱ ግን አላያትም። ክዳኑን ከደነ። ጣሳውን በእፍኝ ውሃ አጠበና ክዳኑ ላይ ደፋው፤ ከዚያ የጣሳውን ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ እጇ በቀላሉ እንዲያገኘው ወደ እናቱ አልጋ አዞረው።